ጨው ያልነካው ድስት

ቀባሪዎቹ ዶማቸውን ከፊታቸው አጋድመው ተቀምጠዋል። ሳጅን ካሉዋ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ምቱንዳ መንደር ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ያየው እነሱን ነበር። ለመቃብር በተመረጠው ቦታ ላይ ሣሩ እንኳ አልተነካም።

«ሰው ሞቷል ተብዬ ነው የመጣሁት፤» አለ ሳጅኑ። «እናንተ ግን ጠግቦ ጥላ የያዘ ከብት ትመስላላችሁ።»

የቀባሪዎቹ አለቃ ማሎዛ አልሳቀም። አጭርና ደንዳና ሰው ነው። «ወጉን ያውቁታል፤ ሳጅን። ሟቹን ምን እንደገደለው ሳይነገረን ዶማ አናነሳም።»

«ካልተነገራችሁስ?»

«ይሸታል።»

«ማን ነው የሞተው?»

«ልብስ ሰፊው ላሜኪ። ትናንት ምሳ ላይ። አንድ ጉርሻ ዋጠ፤ ሳል ያዘው፤ ከዚያ ደም በአፉም በአፍንጫውም ወጥቶ የንሲማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ሳህን ሞላው። ውሃ አምጡ እስኪባል ድረስ አልቆየም።»

«ማን ገደለው ይላሉ?»

«ሚስቱ። በጨው።»

ሳጅኑ ነገሩን አላስደገመም። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሴት በድብቅ ከወንድ ተኝታ፣ ወይም የወር አበባዋ ላይ ሆና ወጥ ውስጥ ጨው ከጨመረች፣ ያን ወጥ የበላ ሰው ደረቱ ተቆርጦ ደም እያሳለ ይሞታል ይባላል። እናቱም በእነዚያ ቀኖች ጎረቤት ያለችውን አሮጊት ጠርታ ጨው ታስጨምር ነበር።

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙዋቪ ትጠጣለች፤» አለ ማሎዛ ወደ መንደሩ በአገጩ እያመለከተ። «መርዛማው የዛፍ ቅርፊት ጭማቂ መጥቷል። ንጹሕ ከሆነች ታስመልሰዋለች። ካልሆነች ሁለት ጉድጓድ እንቆፍራለን።»

ሳጅን ካሉዋ ዞሮ የወረደበትን ቁልቁለት ቀና ብሎ አየ። ከጫፉ ላይ ቀዩ መንገድ ይታያል። መንገዱ ድንበር ነው፤ ከመንገዱ ወዲህ እንግሊዞች የሚገዙት ኒያሳላንድ ነው፣ ከመንገዱ ወዲያ የፖርቱጋሎች። ቅርፊት ቀቃዩ ወዲያ ማዶ ነው የሚኖረው። ሙዋቪ ማጠጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ግን ሳጅኑ ወዲህ ያለውን ቅል ቢደፋው፣ ወዲያ ሌላ ቅል ይሞላል። የደንብ ልብሱ ከመንገዱ አያልፍም።

ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደግፎ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ።

ሬሳው ታጥቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ከጎኑ የስፌት መኪናው ቆሟል፤ በመኪናው ላይ የሟቹ ጥቁር ሰደርያ ተሰቅሏል። በሩ ላይ የሚስትየዋ አጎት፣ አዛውንቱ ጋኔቲ፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። በዚህ አገር ባል ወደ ሚስቱ መንደር ይገባል እንጂ ሚስት ወደ ባሏ አትሄድም፤ ስለዚህ ባል ሲሞት ተጠያቂው የሚስት አጎት ነው።

«አባት፣ ጨርቁን ልግለጠው?»

«ግለጠው፣ ልጄ። ቁስል ስታገኝ ንገረኝ። እኛ አጥተናል።»

ሳጅኑ ሬሳውን ከራስ እስከ እግር መረመረው። የተወጋ ቦታ፣ የታነቀ አንገት፣ የተቃጠለ ከንፈር የለም። ግን በቀኝ ደረቱ ላይ፣ ከአንገቱ አጥንት ዝቅ ብሎ፣ ቆዳው ጠቆር ብሎ ተሸብሽቧል። የሆነ ነገር ሞልቶት ኖሮ በኋላ የተራገፈ ከረጢት ይመስላል። ሳጅኑ ጣቱን አሳረፈበት። ሥር ያለው አጥንት ቀጥኗል።

«ይህን አይታችኋል?»

«የእርጅና ቆዳ ነው።»

«ሌላው ቆዳው አላረጀም።»

ከዚያ ሰደርያውን አወረደ። ላሜኪ ጥሩ ሰፊ ነበር፤ የግራው ደረት ልክ እንደሰውነቱ ጠፍጣፋ ነው። የቀኙ ግን በውስጥ ጥጥ ተደርጎበት ጎበጥ ብሎ ተቆርጧል። ሳጅኑ ገልብጦ ወደ ብርሃን አወጣው። ከውስጥ በኩል የተፈቱ ስፌቶች ሦስት ረድፍ የመርፌ ቀዳዳ ትተዋል። ሰደርያው ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል፤ በዚያ በአንዱ ቦታ ብቻ።

«ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ አባት?»

«እሺ ባይ። ልጆቹ ‹አቶ እሺ› ነበር የሚሉት። ምንም ብትለው ራሱን ይነቀንቃል። ለልጄ ሠርግ ሱሪ ሰፍተህ ስጠኝ ብዬው ነቀነቀ፤ በማግስቱ ብጠይቀው መች እሺ አልኩ አለኝ። ተጣላን።»

«ሰው ሳያናግረውስ ይነቀንቃል?»

ጋኔቲ አሰቡ። «ብቻውን ሲቀመጥም። ቤተ ክርስቲያንም። ፓስተሩ ስብከቴን ወደደው ብሎ ደስ ይለው ነበር።»

«ድምፁስ?»

«ቀድሞ መዝሙር መሪ ነበር። ካለፈው ዝናብ ወዲህ እንደ ዳክዬ ሆነ። ‹ሚስቱ ድምፁን ሰረቀችው› አሉ።»

«ማን አለ?»

«እህቱ።»

እህቱ ዜሊፋ ከጓሮው ተቀምጣ ነበር። ለቅሶ ድምፅዋን አጥፍቶታል። ባሏ ከሞተ ዓመት ያለፈው፣ መልከ መልካም ሴት ናት። ሳጅኑ ሲቀርብ ሽርጧን ሰብስባ የጨርቁን ጫፍ ጭብጥ አደረገች።

«እህቴ፣ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ምን ያላየሁት አለ? ወንድሜን ልጠይቅ መጣሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ጨው ሲበላ አየሁት። ያለ ጨው፣ ሳጅን። እስረኛ እንኳ ጨው ይበላል። የሚስቱን ጨው የሚፈራ ባል ምን አውቆ እንደሆነ እኔ ልንገርዎ?»

«አልነገረሽም?»

«ላሜኪ ሚስቱን ያማል? አንገቱን ነቀነቀ፣ ዝም አለ።»

«ትናንት ወጡን ማን ሠራው?»

«እሷ።»

«ማን አቀረበው?»

ዜሊፋ ትንሽ ዘገየች። «እሷ ንሲማውን ታማስል ነበር። የወጡን ጎድጓዳ ሳህን እኔ ይዤ ገባሁ። ምን አለበት? እህቱ ነኝ።»

«ምንም የለበትም፤» አለ ሳጅኑ። ዝናብ ከጠፋ ወራት ሆኖታል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ዜሊፋ የጨበጠችው የሽርጥ ጫፍ ግን ቋጠሮ አለው፤ ቋጠሮውም እርጥብ ነበር። በላብ ወይም በእንባ የራሰ ጨርቅ በዚህ ፀሐይ ወዲያው ይደርቃል። ሳይደርቅ የሚቆየው ጨው የቋጠረ ጨርቅ ብቻ ነው። አልጠየቃትም።

ወደ ማድ ቤቱ ሄደ። ድስቱ ላይ ቅርጫት ተደፍቶበታል፤ ከምሳ የተረፈው የወጡ ጎድጓዳም አጠገቡ አለ። ደሙ ያረፈው በንሲማው ሳህን ላይ ነበር፤ ወጡን አልነካውም። ትናንት በግርግሩ የፈሰሰውን ወጥ ዶሮዎች ለቅመውታል፤ ዶሮዎቹም ዛሬ ጤነኛ ሆነው አመድ ይጭራሉ። መርዝ አይደለም። ጣቱን ድስቱ ውስጥ ነክሮ ቀመሰ። የዱባ ቅጠል በለውዝ ዱቄት፤ ጨው የሚባል አልነካውም። ከጎድጓዳው ቀመሰ። ጨው አለው።

ሳጅን ካሉዋ ጎድጓዳውን ወስዶ ከማገዶው ኋላ ደበቀው።

ሚስትየዋ ኤኔሌሲ በእናቷ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ነበር። በሩ ላይ ጠባቂ አላስፈለገም፤ የመሸሽ ሐሳብ እንደሌላት ከአቀማመጧ ያስታውቃል።

«እምቢ በይ፤» አለ ሳጅኑ። «አልጠጣም በይና ከእኔ ጋር ወደ ጣቢያ ነይ።»

«ለምን? አላደረግሁም እኮ። ያላደረገ ያስመልሳል።»

«ቅርፊቱ ማን እንዳደረገ አያውቅም። እኔ ሁለት ሴቶች ሲጠጡ ደርሻለሁ። ሁለቱም አላደረጉም ነበር። አንዷ አስመለሰች።»

«እኔም አስመልሳለሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ሳጅን፣ አራት ልጆች ወልጃለሁ። አንዱም አላለቀሰም። ሁሉም ሞተው ነው የወጡት። ያኔም ጨውሽ ነው አሉኝ። ዝም አልኩ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን ከሸሸሁ አራቱንም እኔ ገደልኳቸው ማለት ነው። ልጠጣና ይለይልኝ።»

ሳጅኑ ሌላ ጠየቀ። «ጨው መቼ አቆምሽ?»

«ዓመት ሆነው። የአምናው ዝናብ እንዳቆመ ነው። ለክር ብሎ ዞምባ ከተማ ሄዶ ቆየ። ሲመለስ ‹ከዛሬ ጀምሮ በወጤ ጨው አታድርጊ› አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ባል የሚስቱን ጨው ከተወ ምን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሌላ ወንድ አለሽ ማለቱ ነው።» እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ወንድ የለኝም። ግን ሳይጠይቀኝ ምን ብዬ ልማል? እኔም አብሬው ያለ ጨው በላሁ። ያየኛል፣ ይገባዋል ብዬ።»

«ገባው?»

«ይነቀንቅ ነበር።»

የጤና ጣቢያው ከመንደሩ በላይ፣ ከመንገዱ ሥር ነው። ድሬሰር ኖዌል ሳጅኑ ሲገባ መርፌ ይቀቅል ነበር። ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ማሰሮው ዞረ። ሳጅኑ ሰደርያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከድሬሰሩ ምሳ ላይ አንድ ብርቱካን አነሳና ጎበጥ ባለው የቀኝ ደረት ውስጥ ከተተው። ልክ ገባ።

«ይህን የሚያህል ነገር ላሜኪ ደረት ላይ ነበር፤» አለ። «መጀመሪያ ሎሚ ያክል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሰደርያውን ፈትቶ አሰፋው። ዛሬ ሬሳው ላይ የለም። ዞምባ ለክር አይኬድም፤ ክር እዚህ ገበያ ሞልቷል። ወደ ዞምባ የላከው ማን ነው?»

ድሬሰሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አስምሎኝ ነበር።»

«ሞቷል። ሚስቱ ልትከተለው ነው።»

ኖዌል ዓይኑን ብርቱካኑ ላይ ተክሎ ተናገረ። «አንድ ቀን መጥቶ ሸሚዙን ከፈተ። ከአጥንቱ ሥር የወጣ እብጠት አየሁ። መግል መስሎኝ ምላጭ አነሳሁ። መጀመሪያ ግን እጄን ጫንኩበት፤ እግዜር ነው ያስቆመኝ። እብጠቱ ይመታል። ልቡ እጄ ላይ የቆመ ያህል ነበር። ብቆርጠው ኖሮ እዚሁ ወለል ላይ አልቆ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«የሁለት እጆቹን የደም ምት ያዝኩ። የቀኙ ይዘላል፤ የግራው ተኝቷል። ጉሮሮውን በጣቴ ስይዝ በየምቱ ወደ ታች ይስበኛል። ራሱ በልቡ ምት ይነቀነቃል። ድምፁን የወሰደውም እብጠቱ ነው፤ የድምፁን ጅማት ተጭኖታል። ዞምባ ሆስፒታል ራጅ አነሱት፤ ደሙን መረመሩት። ቂጥኝ ነው።»

«ከየት?»

«ጆኒ በምንለው ከደቡብ ባለው የወርቅ ከተማ ማዕድን ሲሠራ፤ ሃያ ዓመት ያልፈዋል። ቁስል ወጥቶበት በራሱ ደርቆ ነበር። ዳንኩ ብሎ ረሳው። በሽታው ግን አልወጣም፤ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ሲበላው ኖረ። የተበላው ግድግዳ ሳሳና እንደ ፊኛ ተነፋ።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ፔኒሲሊን ወጋሁት። በጥቂት ጀምሬ፣ ሐኪሙ እንዳለኝ፤ በብዙ ቢጀመር ግድግዳውን ይጎዳል። ተሕዋሲው ሞቷል። የተበላው ግን አይመለስም። ሐኪሙ ‹ይህ ሊሰፋ አይችልም› አለው። በባሕር ማዶ ቆርጠው በጨርቅ መተካት የጀመሩ አሉ ይባላል፤ ግን እዚህ የለም፣ ለእሱም አይደርስም አለው። ላሜኪ ምን ብሎ እንደጠየቀ ታውቃለህ? ‹ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?› አለ። ሐኪሙ አላወቀም።»

መርፌዎቹ ማሰሮው ውስጥ ይንኳኳሉ።

«ጨውስ?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩት። ልቡ ደክሞ እግሩ ያብጥ ነበር።»

«ለሚስቱ ለምን አልተነገራትም?»

«ደረቴ መታመሙን ሰው ከሰማ ኤኔሌሲን ይገድሏታል አለኝ። ስለዚህ ደበቀው። ጨው መተውን ግን እሷ እንዴት እንደምትረዳው አላሰበም። እኔም አላሰብኩም።» ድሬሰሩ ፊቱን በእጁ አበሰ። «እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ፤ ግን አላሰብኩም።»

«እሷስ መርፌ ወስዳለች? አራት ልጅ ሞቶባታል።»

«አምጣት ብዬው ነበር። እሺ አለኝ።»

«እሺ አለህ ወይስ ነቀነቀ?»

ኖዌል ማሰሮውን ከእሳቱ አወረደ። «ነቀነቀ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንደሩ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ጋኔቲ ወንበር ላይ ናቸው፤ ከእግራቸው ሥር አፉ በቅጠል የተወተፈ ቅል አለ። ኤኔሌሲ ነጠላ ጨርቅ ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ዜሊፋ ከሟች ወገን ሴቶች መካከል ናት። ማሎዛና ቀባሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል። ሳጅኑ ሰደርያውንና ድስቱን አስመጣ።

«ቀባሪዎቹ ምን ገደለው ብለዋል። ልክ ናቸው፤ መልስ ይገባቸዋል፤» ብሎ ጀመረ። «ስለት አይደለም፤ ሬሳው ላይ ጭረት የለም። መርዝ አይደለም፤ ያንኑ ወጥ የለቀሙት ዶሮዎች እነኋቸው። ደሙ የመጣው ከውስጥ ነው። ከውስጥ ምን ነበረ? ላሜኪ ራሱ በልክ ሰፍቶልናል።» ሰደርያውን ገልብጦ አሳየ። «ይኸውና ቀዳዳው። አንዴ አሰፋው፤ ደግሞ አሰፋው፤ ደግሞ። ያደገው ሰውነቱ አይደለም፤ ደረቱ ላይ የነበረው ነገር ነው።»

ብርቱካኑን አውጥቶ ከተተበት። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ትንፋሽዋን ሳበች።

«አሁን ደግሞ ‹አቶ እሺ› ያላችሁትን ሰው አስቡት። ሰው ሳያናግረው ለማን ነበር እሺ የሚለው? ለማንም። ልቡ በመታ ቁጥር ራሱ ይናጥ ነበር። አባት ጋኔቲ፣ ሱሪውን እሰፋለሁ አላለዎትም።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ተቀይሜው ነበር፤» አሉ ጋኔቲ በቀስታ።

«ድምፁንም ማንም አልሰረቀው። እብጠቱ ነው ያፈነው። ትናንት ያ እብጠት በውስጥ ፈነዳ። ድሬሰሩ ይመስክር።»

ኖዌል ተነስቶ ሁሉንም ተናገረ፤ ጆኒን፣ ቁስሉን፣ ራጁን፣ ቂጥኙን። ሲናገር ማንንም አላየም። ሲጨርስ ጋኔቲ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

«ደረቱ እንደታመመ ገባኝ። ግን ደረቱን ማን አሳመመው? ጨው የምንለውም ይህንኑ ነው፤ ልጄ። አንተ የነገርከን ጨው እንዴት እንደሚገድል ነው።»

ሳጅኑ ይህን ጠብቆ ነበር። «እንግዲያው ጨው ይፈለግ። ኤኔሌሲ ዓመት ሙሉ በባሏ ወጥ ጨው አላደረገችም። ከልካዩ ድሬሰሩ ነው። ማሎዛ፣ ና ቅመስ።»

ማሎዛ ጣቱን ነከረ። ላሰ። «ውሃ ነው።»

«የሌለ ጨው አይገድልም። በእናንተው ወግ ይህች ሴት ንጹሕ ናት።»

የሰዎች ጉርምርምታ ተነሳ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሁሉም ባበቃ ነበር። ግን ማሎዛ ነገር ሳይጨርስ የማይተው ሰው ነው።

«እሱ ግን ከድስቱ አልበላም፤» አለ። «ከጎድጓዳው ነው የበላው። ጎድጓዳው የታለ?»

ሳጅኑ አፉን ከመክፈቱ በፊት አንዲት አሮጊት ከማገዶው ኋላ አግኝታው ይዛ መጣች። ማሎዛ ቀመሰ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይህኛው ጨው አለው።»

ሳጅኑ ወደ ዜሊፋ ላለማየት ወደ መሬት አየ። እሷ ግን ተነሳች።

«እኔ ነኝ፤» አለች በዚያ በጠፋ ድምፅዋ። የሽርጧን ቋጠሮ ይዛ አሳየች። «ወንድሜ እንደ በሽተኛ ሲበላ አላስቻለኝም። እሷን ቢፈራ እኔን አይፈራም ብዬ ከራሴ ጨው ጨመርኩለት። አንድ ቁንጥር። ጎረሰና ‹ጣፈጠኝ› አለኝ። ከዚያ ሳለ።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ራቅ አለች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። ዜሊፋ ባል የሌላት ሴት ናት፤ ማታ ማታ ማን ጋ እንደምትሄድም መንደሯ ያውቃል። ሳጅኑም ያን ያህል ጮኻ የከሰሰችው ለምን እንደሆነ ከእርጥቡ ቋጠሮ ጀምሮ ገብቶት ነበር። ሌላ ሴት ጥፋተኛ ካልሆነች፣ እሷ ናት።

«ስሙኝ፤» አለ ሳጅኑ። «አንድ ቁንጥር ጨው የደም ቧንቧ አያፈነዳም። ኖዌል?»

«አያፈነዳም። የቧንቧው ግድግዳ ስስ ወረቀት ሆኖ ነበር። ትናንት ባይሆን ዛሬ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ሲያስነጥስ።»

«ልጆቼስ?» አለ አንድ ድምፅ።

ኤኔሌሲ ነበረች። ድሬሰሩ ወደ እሷ ዞረ።

«ያው ነው፣ እህቴ። ከእሱ ወደ አንቺ፣ ከአንቺ ወደ እነሱ። አንቺም ደምሽ ይታይ፤ ካለብሽ መርፌ ትወስጃለሽ። ላንቺ አልረፈደም።»

«ታዲያ እኔ አይደለሁም።»

«አይደለሽም።»

ኤኔሌሲ አላለቀሰችም። መዳፎቿን ገልብጣ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየቻቸው።

ማሎዛ ዶማውን አነሳ። «ተነግሮናል። የጆኒ በሽታ ነው፤» አለና ሰዎቹን ይዞ ሄደ። ሳጅኑ ቅሉን አንስቶ ጭማቂውን አፈር ላይ ደፋው፤ ጋኔቲ አልከለከሉትም። ቀዩ ውሃ መሬቱ እስኪውጠው ድረስ ሰው ሁሉ እሱን ያይ ነበር። ቀና ሲሉ ዜሊፋ አልነበረችም።

ሳጅኑ ወደ ዳገቱ ሮጠ። ብስክሌቱን ትቶ፣ በእጁ እየተደገፈ ወጣ። መንገዱ ጋ ሲደርስ ዜሊፋ መንገዱን ተሻግራ ከማዶ ቆማለች። ከኋላዋ ባለው ጫካ ውስጥ የቅርፊት ቀቃዩ ጭስ ይታያል።

«እህቴ፣ ተመለሽ።»

«እሷ ንጹሕ ሆነች። እኔስ በምን እለያለሁ?»

«ድሬሰሩ የተናገረውን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ሁሉም ገብቶኛል። ቧንቧው ሳስቶ ነበር። ግን ሳጅን፣ የጎረሰው የእኔን ጨው ነው። እርስዎ ራስዎ ከማገዶው ኋላ ደብቀውት ነበር። ምንም ካልሆነ ለምን ደበቁት?»

ሳጅኑ አንድ እርምጃ ተጠጋ። የጫማው ጫፍ ከመንገዱ ዳር ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ባልደረባው ሌባ ተከትሎ ከዚህ መንገድ አልፎ ተይዞ፣ ከስንት ወር በኋላ ነው በሕይወት የተመለሰው። እጁ ወደ አዝራሩ ሄደ፤ የደንብ ልብሱን ሊያወልቅ ፈልጎ። ከሥሩም ያው ፖሊስ ነው፤ ማዶ ያሉት ሁሉ ፊቱን ያውቁታል።

ከጎኑ ሰው አለፈ። ኤኔሌሲ ናት፤ ዳገቱን ወጥታ ስታለከልክ። መንገዱን እንደ ማንኛውም መንገድ ተሻገረች። የማዶ መሬት ላይ ዜሊፋ ፊት ቆመች።

«ያን ቋጠሮ ስጪኝ፤» አለች።

«ምን ልታደርጊው?»

«ስጪኝ።»

ዜሊፋ አልሰጠቻትም፤ አልከለከለቻትምም። ኤኔሌሲ የሽርጡን ጫፍ ይዛ ፈታችው። የረጠበውን ጨው መዳፏ ላይ አራገፈችና ላሰችው፤ ዓመት ሙሉ ያልቀመሰችውን። ፊቷ ተኮማተረ።

«ይጎመዝዛል፤» አለች። «ለሰው ይህን ያህል ይጨመራል? ምግብ መሥራት መች ቻልሽበት።»

ዜሊፋ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣች። መሬት ላይ ተቀመጠች። ኤኔሌሲ አብራት ተቀመጠች። ሳጅኑ ከመንገዱ ወዲህ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማም። ሁለቱ ተደጋግፈው ሲመለሱ፣ ከታች የዶማው ድምፅ ቆሞ ነበር።

ላሜኪን ሰደርያውን አልብሰው ቀበሩት። አሁን ለሰውነቱ ሰፊ ነው። በቀብሩ ላይ ሴቶቹ ለኤኔሌሲ ቦታ ሰጧት፤ ከዜሊፋ ግን አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ኤኔሌሲ እጇን ይዛት ነበር፤ ነገ ግን ዜሊፋ ወደ ራሷ መንደር ትመለሳለች፣ እዚያ እጇን የሚይዛት የለም።

ሳጅን ካሉዋ ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ወጣ። ከላይ ሲደርስ ቆመ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ማዶ ካለው ጫካ ውስጥ የቅርፊት ቀቃዩ ጭስ አሁንም ይወጣል።